አምስተኛ ማርሽ ለድሮ መኪና
የአንባቢያን ጥያቄና የመካኒኮች መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ማርሽ ብቻ ያለውን የድሮ መኪና ዘመናዊ ካምቢዮ ስለ ማስታጠቅ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ1967 ፎርድ መስታንግ አለኝ። ሞተሩ 289 የሚባለው ቪ8 ነው፤ ካምቢዮው ግን ባለ ሦስት ማርሽ በመሆኑ ረጅም መንገድ ላይ ጩኸቱ ያደክማል። ባለ አምስት ማርሹን ቲ5 ልገዛ ነው። ምን አይቼ ልግዛ? ከካምቢዮው ሌላስ ምን ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ካምቢዮ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት የዲፈረንሻልዎ ቁጥር፣ ማለትም ጎማዎቹ አንድ ዙር ሲዞሩ ረጅሙ ዘንግ የሚዞረው ብዛት፣ ስንት እንደሆነ ይወቁ። በዚያ ዘመን ለዚህ መኪና በብዛት ይገጠሙ የነበሩት 2.80፣ 3.00፣ 3.25 እና 3.55 ናቸው። ለማወቅ ሣጥኑን መክፈት የለብዎትም። የፊት ጎማዎቹ ላይ ታኮ ያድርጉ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስተው በማቆሚያ ያስደግፉ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ። የተነሣውን ጎማ በእጅዎ ልክ ሁለት ሙሉ ዙር ሲያዞሩ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቁጠሩ። ሦስት ዙርና ሩብ ከሆነ 3.25 ነው። ይህ የሚሠራው መቆለፊያ ለሌለው ተራ ዲፈረንሻል ነው፤ ሌላኛው ጎማ መሬት ላይ ስለቆመ ሁለት የጎማ ዙር በዲፈረንሻሉ ውስጥ አንድ ዙር ይሆናል።

ቀጥሎ ሒሳቡ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1667 ሜትር ነው። የጎማዎ ዙሪያ 2.05 ሜትር ቢሆን በደቂቃ 813 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 3.25 ከሆነ ሞተሩ አንድ ለአንድ በሆነው ሦስተኛ ማርሽ 2642 ዙር ላይ ነው፤ 3.55 ከሆነ ደግሞ 2886። ለቪ8 መስታንግ የተሠራው ቲ5 አምስተኛ ማርሹ 0.68 ስለሆነ እነዚህ ቁጥሮች ወደ 1797 እና 1962 ይወርዳሉ። ይህ ለቪ8 የሚመች ዙር ነው። ዲፈረንሻሉ 2.80 ከሆነ ግን አምስተኛው ላይ 1548 ብቻ ይቀራል፤ ሞተሩ ትንሽ ዳገት ባየ ቁጥር ያቃስትና ወደ አራተኛ መመለስ ግድ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ወይ ዲፈረንሻሉን አብረው ይቀይሩ፣ ወይ ካምቢዮውን ይተዉት። ጩኸቱ አደከመኝ ማለትዎ የእርስዎ 2.80 እንዳልሆነ ያስጠረጥራል፤ ቢሆንም ይቁጠሩ።

ስለ ካምቢዮው ራሱ። ቲ5ን መጀመሪያ ያመረተው ቦርግ ዋርነር ነው፤ ከ1996 ወዲህ በትሬሜክ እጅ ነው። ሁለት ትውልድ አለው፤ የኋለኛው «ወርልድ ክላስ» ይባላል፣ በመስታንግ ላይ የመጣው በ1985 ነው። እርስዎ የሚፈልጉት እሱን ነው። ሻጩ የሚለውን ትተው በዓይንዎ ይለዩት፦ ካምቢዮውን ፊት ለፊት ሲያዩት ከገቢው ዘንግ በታች የታችኛው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት ክብ ቦታ አለ። እዚያ ላይ የኩሽኔታ ቀለበት ከታየ ወርልድ ክላስ ነው፤ ተቀጥቅጦ የገባ ጠፍጣፋ የብረት ክዳን ከሆነ የፊተኛው ትውልድ ነው። ጅራቱ ላይ በብሎን የተያዘች ትንሽ የብረት መለያም ትኖራለች፤ ቁጥሯ በ1352 ይጀምራል። ከጠፋች መጨነቅ የለብዎትም፤ ግን የገቢውን ዘንግ ጥርስ ይቁጠሩ። ከመስታንግ ቪ8 የወጣው 10 ጥርስ ያለውና ወደ 27 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ነው። 26 ጥርስ ያለው ከሆነ ከጄኔራል ሞተርስ መኪና የወጣ ነው፤ የርስዎ የፍሪሲዮን ዲስክ አይገባበትም፣ ካማሮ ላይ የነበረ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮው ወደ ጎን ዘመም ብሎ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው።

የኃይል ወሰኑን አይናቁ። ከ1985 እስከ 1989 የመጡት እስከ 359 ኒውተን ሜትር፣ ከ1990 እስከ 1993 የመጡት እስከ 407 ድረስ እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው የ289 ጉልበት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሊያስደነግጥዎ ይችላል፤ ነገር ግን በ1960ዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚጽፉት ሞተሩ ያለ ማራገቢያና ያለ ጭስ ማውጫ ተለክቶ የሚያሳየውን ነው። ያልተነካካ 289ን ቲ5 ይችለዋል። ካምቢዮውን የሚሰብረው ሰፊ ጎማ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት መልቀቅ ነው። ሞተሩን ለማጎልበት ካሰቡ በቀጥታ ወደ ትሬሜክ ቲኬኤክስ ይሂዱ፤ ቁመናው ከድሮ መኪና ሥር እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው።

አብረው የሚገዙት ይህ ነው፦ የፍሪሲዮን ቤት፣ ወይም የድሮውን ቤት ከአዲሱ ካምቢዮ የሚያጣጥም ወፍራም የብረት ሳህን፤ አዲስ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ዲስኩን የሚጫን ፕሬሸርና ፔዳሉ ሲረገጥ ፕሬሸሩን የሚገፋ ሪሊዝ ኩሽኔታ፤ ፓይለት ቡሽ፣ ማለትም የገቢውን ዘንግ ጫፍ በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ የሚይዝ ቀለበት፤ ጅራቱን የሚሸከም ተሻጋሪ ብረትና ጎሚኒ፤ የረጅሙ ዘንግ መግቢያ፣ ማለትም 28 ጥርስ ያለው፤ የኋላ ማርሽ መብራት ገመድ። የፍሪሲዮኑን ቤት ከኋለኛ ዘመን መስታንግ ከወሰዱ ፍሪሲዮኑ የሚጎተተው በሽቦ ነው፤ የእርስዎ መኪና ግን በብረት ዘንጎች የሚገፋ ነው። የድሮውን ቤት ይዞ በሳህን ማጣጣም ፔዳሉን እንደነበረ ስለሚያቆይ ለብዙ ሰው ይቀላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከቲ5 ጋር ቮላኖውንም፣ ማለትም በሞተሩ ጀርባ የሚዞረውን ክብ ከባድ ብረት፣ ልስጥህ ካሉዎት አይቀበሉ። የ289 ቮላኖ ሆን ተብሎ በአንድ ጎን እንዲከብድ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ 28 ኦውንስ ኢንች ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጡት ባለ 5 ሊትር ሞተሮች 50 ነው የሚይዙት። ሁለቱም በብሎን ቀዳዳ ይገጥማሉ፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው ሁሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። የቮላኖው የዙሪያ ጥርስም 157 ወይም 164 ሊሆን ይችላል፤ ከፍሪሲዮኑ ቤትና ከሞተሪኖው ጋር መመሳሰል አለበት።

ጥያቄ፦ ካምቢዮው በሳህን ተጣጥሞ ከተገጠመልኝ 2000 ኪሎ ሜትር አልሞላውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማርሽ መግባት እምቢ ይል ነበር፤ አሁን ደግሞ ከአራተኛ በራሱ ይወጣል። ሲወርድ ፓይለት ቡሹ በአንድ ጎን ተበልቶ ተገኘ። ሠራተኛው ቡሹ መናኛ ነው ይላል።

መልስ፦ ቡሹ ጥፋተኛ አይመስለንም። በአንድ ጎን የተበላ ቡሽ የሚናገረው የካምቢዮው መሃል ከክራንክ ሻፍቱ መሃል ጋር አለመግጠሙን ነው። ገቢው ዘንግ በአንድ ጫፉ በካምቢዮው ኩሽኔታ፣ በሌላው ጫፉ በፓይለቱ ተይዟል፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ዘንጉ በየዙሩ ይታጠፋል። አራተኛ ማርሽ ማለት ገቢውና ወጪው ዘንግ በቀጥታ የሚቆላለፉበት ስለሆነ የመጀመሪያው ተጠቂ እሱ ነው።

የሚለካው እንዲህ ነው። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ወርደው፣ የፍሪሲዮኑ ቤት ብቻ በሞተሩ ላይ በሙሉ ብሎኖቹ ጠብቆ ይቀራል። ሳህኑ ካለ እሱም ይታሰራል። ዲያል ጌጁን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካውን ሰዓት መሰል መሣሪያ፣ በማግኔት ቮላኖው ላይ ያቁሙና ጫፉን ካምቢዮው ተሰክቶ የሚገባበት ትልቁ ቀዳዳ የውስጥ ግድግዳ ላይ ያሳርፉ። ካንዴላዎቹን አውልቀው ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርገው እያዞሩ ከላይ፣ በቀኝ፣ ከታችና በግራ ያንብቡ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ ጫፉን ካምቢዮው በሚለጠፍበት ገጽ ላይ አዙረው ይድገሙት፤ ገጹ ከተዛባ ቀዳዳው መሃል ላይ ቢሆንም ካምቢዮው ዘንበል ብሎ ይታሰራል። በቀለም ፍርፋሪ ወይም በመዶሻ በተነሣ የብረት ጠርዝ ብቻ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመለካትዎ በፊት ገጾቹን በጠፍጣፋ ሞረድ ዳበስ ዳበስ ያድርጓቸው።

ለምሳሌ ከላይ ዜሮ፣ በቀኝና በግራ 0.20፣ ከታች 0.40 አነበቡ እንበል። ጌጁ ከታች የበለጠ ተጫነ ማለት ግድግዳው በዚያ በኩል ለክራንክ ሻፍቱ ቀርቧል፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ሸሽቷል ማለት ነው። የሸሸው ግን የንባቡን ግማሽ ነው፤ 0.20 ሚሊ ሜትር። ይህን ግማሽ የሚረሳ ሰው እጥፍ ያስተካክልና ከነበረበት ወደ ተቃራኒው ይወስደዋል። ማስተካከያው ቤቱን በሞተሩ ላይ የሚያመለክቱት ሁለት ስፒናዎች ናቸው፤ መሃላቸው የተዛነፈ ሆነው ተሠርተው ይሸጣሉ፣ በ0.18፣ በ0.36 እና በ0.53 ሚሊ ሜትር። ለዚህ 0.18ቱ በቂ ነው። ሁለቱንም ስፒናዎች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ቤቱን ዝቅ እንዲያደርጉ አዙረው ይገጥሟቸዋል፤ አቅጣጫቸው ከተለያየ ቤቱ አይገባም ወይም ይሰነጠቃል። መልሰው ሲለኩ ወደ 0.04 ይወርዳል።

ሁለተኛው ምርመራ ርዝመት ነው። ከካምቢዮው የፊት ገጽ እስከ ገቢው ዘንግ ጫፍ ይለኩ፤ 190 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ከዚያ ከፍሪሲዮኑ ቤት የኋላ ገጽ፣ ከነሳህኑ፣ እስከ ፓይለት ቡሹ አፍ ይለኩ፤ 176 ሆነ። ዘንጉ ቡሹ ውስጥ የሚገባው 14 ሚሊ ሜትር ነው። ከቡሹ ጀርባ ያለው ጉድጓድ ከዚያ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት። ካልተረፈ ዘንጉ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ ካምቢዮው ሲታሰር የማይሰማ፣ ሞተሩን ግን ቀስ በቀስ የሚጨርስ ነው። በተቃራኒው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከገባ ቡሹ ቢሻልም ባይሻልም ይበላል። ሰዎች ሳህን ሲጨምሩ የሚረሱት ይህን ነው።

ስለ ቡሹ ዓይነት ካነሣን፣ በዘይት የራሰው የነሐስ ቡሽ ለድሮ ሞተር በቂ ነው። ከመግጠምዎ በፊት በሞተር ዘይት ውስጥ ይንከሩት፤ ግራሶ አይቀቡት፣ ግራሶው ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ባለ መርፌ ኩሽኔታ የሚሻለው የዘንጉ ጫፍ ጠንካራና ያልተጫረ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥርጣሬያችንን ልጨምር። ካምቢዮው ወደ ቤቱ አልገባ ሲል ብሎኖቹን እያጠበቁ ጎትተውት ይሆናል። ካምቢዮ በእጅ ተገፍቶ ገጽ ለገጽ እስኪነካ መግባት አለበት። የመጨረሻው 10 ሚሊ ሜትር እምቢ ካለ ዲስኩ መሃል ላይ አይደለም ወይም ዘንጉ ከቡሹ ጋር ተፋጧል። በብሎን ሲጎተት ወይ የአሉሚኒየሙ ጆሮ ይሰበራል፣ ወይ ቡሹ ይጨረገዳል፣ ወይ የዲስኩ እምብርት ይጣመማል፤ ሦስተኛው ከሆነ ፍሪሲዮኑ ተረግጦም ማርሽ ይጮኻል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ካምቢዮ ውስጥ ምን ዘይት ልጨምር? አንዱ 90 ይላል፣ ሌላው የአውቶማቲክ።

መልስ፦ የካምቢዮው ዓይነት ይወስናል፣ የመኪናው ዕድሜ አይደለም። ወርልድ ክላስ ቲ5 ከሆነ የአውቶማቲክ ዘይት፣ ዴክስሮን፤ ወደ 2.8 ሊትር ይወስዳል፣ ከጎኑ ካለው መሙያ መንጠባጠብ ሲጀምር ይበቃዋል። በውስጡ ያሉት፣ ማርሽ ሲገባ ዙሩን የሚያመጣጥኑት የሲንክሮ ቀለበቶች ለስላሳ ሽፋን ስላላቸው ወፍራም ዘይት አይስማማቸውም፤ በብርድ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ይላል። ነሐስ ሲንክሮ ላላቸው አብዛኞቹ ባለ አምስት ማርሾች ግን ጂኤል 4 የሚል የተጻፈበት 75 ደብሊው 80 ወይም 75 ደብሊው 90 ነው። ጂኤል 5 ለዲፈረንሻል ነው፤ ሰልፈር ያለበት ቅመሙ ሲሞቅ ነሐሱን ይጎዳል፣ እጅግ ስለሚያዳልጥም ሲንክሮው ማርሹን ይዞ ማዘግየት ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ በ1970ዎቹ የተሠራ የእንግሊዝ መኪናዬ ላይ የፎርድ ታይፕ 9 ካምቢዮ ገባ። ማርሹ ጥሩ ነው፤ በ90 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ከወንበሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ረጅሙ ዘንግ አጥሮ ባላንስ ተደርጓል።

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ቀላል ሙከራ። በ90 ላይ በአራተኛ ይንዱ፣ ከዚያ በዚያው ፍጥነት ወደ አምስተኛ ያስገቡ። የታይፕ 9 አራተኛ 1.00፣ አምስተኛ 0.82 ስለሆነ የሞተሩ ዙር ወደ አምስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ረጅሙ ዘንግ ግን ከዲፈረንሻሉ ጋር ስለታሰረ ፍጥነቱ አይለወጥም። ንቅናቄው በሁለቱም ማርሽ እኩል ከሆነ ነገሩ ከካምቢዮው ወዲያ ነው፤ ሞተሩን ተከትሎ ከተለወጠ ቮላኖውንና ፍሪሲዮኑን ይመርምሩ። ዘንጉ ባላንስ ተደርጓል ስላሉ እኛ የምንጠረጥረው ዘዌውን ነው።

ክሮቼራ፣ ማለትም በዘንጉ ጫፍ ያለው ተጣጣፊ መስቀለኛ መገጣጠሚያ፣ ዘንጉን በእኩል ፍጥነት አያዞረውም፤ በታጠፈ መጠን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል። በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ በዚያው መጠን ከታጠፈ ያንን ይሽረዋል። ስለዚህ የካምቢዮው መስመርና የዲፈረንሻሉ መስመር ትይዩ፣ በየክሮቼራው ያለው እጥፋትም ከ1 እስከ 3 ዲግሪ መሆን አለበት። ዜሮም አይሁን፤ መርፌዎቹ ሳይንከባለሉ አንድ ቦታ ላይ ይበላሉ።

መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ሦስት ቦታ ይለኩ። ካምቢዮው ወደ ኋላ 5 ዲግሪ፣ ዘንጉ 3.5፣ ዲፈረንሻሉ 3 ያዘነብላል እንበል። የፊቱ እጥፋት 1.5፣ የኋላው 0.5 ነው፤ ካምቢዮና ዲፈረንሻል በ2 ዲግሪ ተለያይተዋል። ይህ ካምቢዮ ጅራቱ ተሻጋሪው ብረት ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠበት የተለመደ ስህተት ነው፤ በመኪናው ወለል ባለው ዋሻ ውስጥ እንዲገባ ሲባል ብቻ ዝቅ ይደረጋል። ከሞተሩ ጎሚኒ እስከ ካምቢዮው ጎሚኒ 1 ሜትር ቢሆን ጅራቱን በ26 ሚሊ ሜትር ማንሣት ካምቢዮውን 1.5 ዲግሪ ያቃናዋል። ያኔ ካምቢዮው 3.5 ይሆናል፤ የዘንጉ ፊት አብሮ ስለሚነሣ 1.2 ሜትር የሆነ ዘንግ ዝንባሌው ወደ 4.9 ይጨምራል። እጥፋቶቹ 1.4 እና 1.9 ሆኑ፤ በግማሽ ዲግሪ ተቀራረቡ። ንቅናቄው የሚጠፋው እዚህ ነው። ዋሻው ቦታ ካልሰጠ በባሌስትራውና በዲፈረንሻሉ መካከል ሾጣጣ ሳህን አስገብቶ ዲፈረንሻሉን ማዘንበል ይቻላል፤ ያኔም እንደገና ይለኩ።

ዘንጉ ሲያጥር ሁለቱ የክሮቼራ መያዣዎች በአንድ መስመር ላይ ተበይደው መሆናቸውንም ዓይን ይጣሉበት። ርዝመቱን በተመለከተ፣ መግቢያው ካምቢዮው ውስጥ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ ባነሰ በጉድጓድ መንገድ ላይ ዘንጉ ካምቢዮውን ከኋላው ይመታዋል፣ የመጀመሪያው ምልክት ከፓራኦሊዮው፣ ማለትም ከዘይት ማገጃው ቀለበት፣ የሚፈስ ዘይት ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮኑን በሽቦ ከሚሠራው ወደ ሃይድሮሊክ ቀየርኩ፣ በገቢው ዘንግ ላይ የሚቀመጠውን ክብ ፖምፔታ አስገብቼ። አየሩ ሦስት ጊዜ ወጥቷል፣ አሁንም አንደኛ ማርሽ እየጮኸ ይገባል።

መልስ፦ አየር አይመስለንም፤ የዘይት መጠን ነው። በፔዳሉ በኩል ያለው የላይኛው ፖምፔታ 15.9 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሲሆን ፒስቶኑ 32 ሚሊ ሜትር ቢሄድ 6.35 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት ይገፋል። የታችኛው ክብ ፖምፔታ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ካሬ ከሆነ ኩሽኔታው 7.9 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራመዳል። ፕሬሸርዎ 10 የሚፈልግ ከሆነ መቼም አይለቅም፣ አየሩን መቶ ጊዜ ቢያወጡ። የላይኛውን 19 ሚሊ ሜትር በሆነ ፖምፔታ ይለውጡት፤ ያኔ 9.1 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ እርምጃውም 11.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዋጋው ፔዳሉ ከአርባ በመቶ በላይ መክበዱ ነው። ትርፏ እርምጃ ደግሞ የፕሬሸሩን ጣቶች ከልክ በላይ እንዳትገፋ ከፔዳሉ ሥር ማቆሚያ ብሎን ይግጠሙ።

ኩሽኔታው ባልተረገጠ ጊዜ ከፕሬሸሩ ጣቶች 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ዲስኩ ሲበላ ጣቶቹ ወደ ካምቢዮው ይመለሳሉ፤ ቦታ ካጡ ኩሽኔታው ላይ ያርፉና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፣ ባለቤቱም ዲስኩን ይወቅሳል። የዚህን ፖምፔታ የአየር ማውጫ በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣትን አይርሱ። ቢያፈስ ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ነው፤ ስለዚህ ከመግጠም በፊት አዲስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለ1965 ቮልስዋገን ቢትል ባለ አምስት ማርሽ ይገኛል?

መልስ፦ አይመከርም። የዚህ መኪና ካምቢዮና ዲፈረንሻል በአንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ የሚሻለው ከኋለኛው ዘመን ባለ አራት ማርሽ መውሰድ ነው። የእርስዎ ባለ 1200 ሞተር ዲፈረንሻሉ 4.375 ነው፤ 1500ዎቹ 4.125፣ የ1970ዎቹ 1600ዎች 3.875 አላቸው። የመጨረሻው የሞተሩን ዙር ከ11 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ ሆኖም 1200ው ዳገት ላይ አይጎትተውም፣ 4.125ቱ ይበቃዋል። መኪናዎ ባለ 6 ቮልት ከሆነ ቮላኖው 109 ጥርስ ነው፤ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስና ሰፋ ያለ ስለሆነ ቮላኖ፣ ሞተሪኖና የሞተሪኖው ቡሽ አብረው መመሳሰል አለባቸው። የኋላ ጎማው መያዣም ባለ አንድ መገጣጠሚያ መሆኑን ያረጋግጡ። የቮላኖው መሃል ዳዶ በ295 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ በእጅ ግምት የጠበቀው ይላላል፣ የክራንክ ሻፍቱን ስፒናዎችም ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ጎማው ዘንድ መቀነሻ ሣጥን ከነበረው የድሮ ሚኒባስ የወጣ ካምቢዮ እንዳይሸጥልዎ፤ ቢትል ላይ እንዳለ ከገባ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ካምቢዮው ከተለወጠ ወዲህ የፍጥነት መቁጠሪያዬ ይዋሻል። ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ጥርሱን በምን ልለውጠው?

መልስ፦ የጃፓን መቁጠሪያ በ1 ኪሎ ሜትር 637 የሽቦ ዙር ይፈልጋል። ሽቦውን ከመቁጠሪያው ጀርባ ይንቀሉና ጫፉ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉ። መኪናውን ልክ 20 ሜትር ገፍተው ዙሩን ይቁጠሩ፤ 12.7 መሆን አለበት። 14.6 ከቆጠሩ መቁጠሪያው ወደ 15 በመቶ ያጋንናል። ካምቢዮው ላይ ያለው ተነቃይ ጥርስ 18 ከሆነ ሒሳቡ 20.6 ይላል። 21 ቢያስገቡ ከእውነተኛው ፍጥነት ትንሽ አሳንሶ ያነባል፣ 20 ቢያስገቡ ወደ 3 በመቶ ያጋንናል። የእንግሊዝ መቁጠሪያ ያላቸው አንባቢያን ፊቱ ላይ ያለው ትንሽ ቁጥር በማይል ስለሆነ በ1.609 ያካፍሉት፤ 1280 የሚል ከሆነ በኪሎ ሜትር ወደ 796 ነው። እርስዎ 20ውን ይግዙ።